ቀኙ ደረጃ ዝም ያለ እለት

ኢዙሚዳ የከበሮውን ዱላዎች ከሃታኬዳ እጅ ቀምታ በፎጣ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ባዶ እጄን ምን ላድርገው?» አለ ሃታኬዳ።

«ጉልበትህ ላይ አስቀምጠው።»

«ጉልበቴ ላይማ ሆዴ ተቀምጦበታል።»

የከበቧት ሰዎች ሳቁ። ኢዙሚዳ አልሳቀችም። የዓሣ መኪና የምትነዳ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴት ናት። የሺዮሚ ሸርጣኖች የተባለውን የቤዝቦል ቡድን ደጋፊዎች መምራት ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል፤ ሁሉም «አለቃ» ይሏታል። የተሰበሰቡት ከስታዲየሙ የቀኝ ተመልካች መቀመጫ፣ ከቀኙ ደረጃ ስር፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ባለው መተላለፊያ ነው። ከላያቸው ወደ መቀመጫው የሚወጣው ሰው ኮቴ ይሰማል።

«አንዴ ልድገመው፤» አለች። «ዛሬ እስከ ዘጠነኛው ዙር መጨረሻ ድረስ ከበሮ የለም፣ ጥሩንባ የለም፣ ዘፈን የለም። ዕቃው ግን ጉልበታችን ላይ ይቀመጣል። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ያሳየው፣ የቡድኑ ባለቤቶችም ቤታቸው ሆነው ይዩት። ምርጡን ወርዋሪያችንን በሐምሌ ሸጡብን። ከዚያ ወዲህ ስንት እንዳሸነፍን ታውቃላችሁ። እኛ ዝም ስንል ምን እንደሚመስል ይስሙት።»

«ዝምታ ይሰማል እንዴ?»

«አንተ ሞክረኸው ስለማታውቅ ነው፣ ሃታኬዳ። የተስማማ እጁን ያውጣ።»

ሁሉም አወጡ። ኩሳካም አወጣ፤ በሌላ እጁ ጥሩንባውን ይዟል።

«ያፈረሰ የክንዱን ጨርቅ ያስረክባል፤» አለች ኢዙሚዳ። ይህን ስትል የትኛውንም ሰው ለይታ አላየችም።

ጨርቁ ብርቱካናማ ነው፣ በሊጉ ማህተም የታተመ። እሱን ክንዱ ላይ ያላሰረ ሰው በአገሩ ባሉ ስታዲየሞች ሁሉ ውስጥ ጥሩንባ ቀርቶ ፊሽካ ቢነፋ ጥበቃዎች ያስወጡታል። ኩሳካ ጨርቁን ሁልጊዜ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ያስራል። በባቡር ሲመጣም ሲመለስም አይፈታውም።

ኩሳካ ሙኔኦ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት በባቡር ጣቢያው የብስክሌት ማቆሚያ ይሠራል። ብስክሌት ሲያስገቡ «እንደምን አደሩ» ይላል፤ ሲወጡ ደግሞ «መልካም ውሎ»። የሚያልፉት ቸኩለው ነውና መልስ የሚሰጡት ጥቂት ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ነው። ቅዳሜ ስታዲየም ገብቶ «ሰላም» ለማለት መጀመሪያ ጉሮሮውን መጥረግ አለበት።

ጥሩንባ መንፋት የተማረው በወጣትነቱ፣ ቀለም ቀቢ ሆኖ በሚሠራበት የመርከብ ማደሻ ባንድ ውስጥ ነበር። ማደሻው መጀመሪያ ባንዱን በተነ፤ ቀጥሎ ቀቢዎቹን። ሚስቱ እህቷን ልታስታምም ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ በዚያው ቀረች። ተጣልተው አልነበረም። እሷ ልመለስ ብላ አልጻፈችም፣ እሱም ተመለሺ አላለም። ጥሩንባውን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር መውረድ የጀመረው ያኔ ነው። የሚኖርበት ቤት ግድግዳው ስስ ነው፤ ስለዚህ የሚለማመደው ከባቡሩ ድልድይ ስር ቆሞ ነበር፣ ባቡር ሲያልፍ እያቆመ፣ ካለፈ በኋላ እየቀጠለ።

ሶኖቤ የሚባለው ልጅ ከተራራው አገር መጥቶ ለሸርጣኖች የፈረመው ያን ጊዜ ነው። እያንዳንዱ መቺ የራሱ ዜማ አለው፤ ተራው ደርሶ የመምቻ ዱላውን ይዞ ሲወጣ ቀኙ ደረጃ በሙሉ የእሱን ዜማ ይዘምርለታል። ሶኖቤ ግን ከዘጠኙ ሰባተኛ መቺ ነበር፣ ደካሞቹ የሚመደቡበት ቦታ። ሰባተኛ ለሚመታ ሰው ዜማ ልግጠም ብሎ የሚቸገር አልተገኘም፤ የተባረረ ተጫዋች አሮጌ ዜማ ይሰጠው ተባለ። ኩሳካ አዲስ ሠራለት። ድልድዩ ስር ሠርቶ ለያኔው አለቃ አሰማው። አለቃው ጭንቅላቱን ነቅንቆ «ይሁን» አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኩሳካ መግቢያዋን ሦስት ድምፅ ነፋ፣ ሕዝቡ «ሶ-ኖ-ቤ!» ብሎ መለሰ፣ ዜማውም ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ኩሳካ ከሠራቸው ነገሮች ሰው የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። የቀባቸው መርከቦች ከተሸጡ ቆይተዋል።

ከሶኖቤ ጋር ተነጋግረው አያውቁም። አንድ ጊዜ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ነጭ የሥር አትክልት እያገላበጠ ሲመርጥ አየው። ኩሳካ ጋሪውን አዙሮ ወደ ሳሙናው መደዳ ገባ፣ ሶኖቤ ከፍሎ እስኪወጣም ከዚያ አልተነቃነቀም።

አሁን ሶኖቤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ታሟል። ጋዜጦቹ በዚህ ዓመት መጨረሻ ውሉ እንደማይታደስ ጽፈዋል። ዛሬ የተሰለፈው ቦታውን የወሰደው ወጣት ቁርጭምጭሚቱ ስለዞረ ነው። ወጣቱ ማክሰኞ ይመለሳል ተብሏል።

ኩሳካ እጁን ሲያወጣ ይህን ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ካልነፋለት ሌላ ቀን ላይኖር ይችላል። ከነፋለት ደግሞ ለእሱ፣ ለኩሳካ፣ ሌላ ቅዳሜ አይኖርም።

የቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ ቀኙ ደረጃ ላይ ወርዳለች። ሃያ የሚሆኑት የቡድኑ አባላት ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ኢዙሚዳ እንደወትሮዋ ከፊታቸው፣ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ቆመች። አለቃ ጨዋታ አያይም፤ ሥራው ሕዝቡን ማየት ነው። ነጭ ጓንቷን አድርጋለች፣ ፊሽካዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ማዶ፣ ከግራው ደረጃ፣ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ከበሮና ጥሩንባቸውን ለቀቁት። በመጀመሪያው ዙር ከፍ ብሎ የመጣ ቀላል ኳስ ከቀኙ ደረጃ ፊት ለፊት የሚጫወተው የሸርጣኖቹ ሙራኪ ኳስ መያዣ ጓንት ውስጥ ገብቶ ወጣ። እንግዶቹ ነጥብ አስቆጠሩ።

ከቡድኑ ጀርባ ወይዘሮ ካንቤ ተቀምጣለች። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ትሸጣለች። አባል አይደለችም፤ አባል ያልሆነችው ዘፈኑ ስድቧን ስለሚሸፍንባት ነው ይባላል። አሁን የሚሸፍናት የለም።

«ሙራኪ!» ብላ ጮኸች። «በዚያ ጓንት ቶፉ እንኳ አልሸጥልህም! ታፈሰዋለህ!»

ድምፅዋ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። እሷ ራሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ሙራኪ ዞር አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከኋላው ምን እንደሚባል ዛሬ ገና መስማቱ ነው።

«እማማ፣ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው!» አለ።

«ፀሐይዋ ለእነሱስ አትወጣም?»

ሙራኪ ወደ ሜዳው ዞረ። ኮፍያውን ዝቅ አደረገ። ደረጃው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ የሚከተለው ነገር ጠፋ። ሌላ ጊዜ ከበሮው ይገባ ነበር። አሁን ግን ቢራ ሻጯ «ቀዝቃዛ ቢራ» እያለች የምታልፈውና የባንዲራው ገመድ ብረቱን የሚመታው ይሰማል።

በሁለተኛው ዙር የሶኖቤ ተራ ደረሰ። ድምፅ ማጉያው ስሙን ጠራ። ኩሳካ በሁለት እጁ የጥሩንባውን አንገት አንቆ ያዘ። ሶኖቤ ዱላውን ይዞ ወጣ፣ እግሩን መሬት ውስጥ አደላደለ፣ ወደ ቀኙ ደረጃ አንድ ጊዜ ተመለከተ። ደረጃው ዝም አለ። ሦስት ኳስ ተወረወረለት፤ ሦስቱንም ሳተ። ወደ ተጫዋቾቹ ጥላ ሲመለስ የሚሄደው በመጠኑ እያነከሰ ነው።

«በደህና ተወጣነው፤» አለ ሃታኬዳ ለኩሳካ በሹክሹክታ፣ የተቀቀለውን የባቄላ ዛላ እያቀበለው። ሃታኬዳ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በሥራው ላይ ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ከበሮ የጀመረውም አፉን ለማሳረፍ እንደሆነ ይናገራል። «እግሬን ተመልከተው። ራሱ እየመታ ነው። ገመድ ቢኖረኝ አስረው ነበር።»

ኩሳካ ባቄላውን በላ። ምን እንደሚመልስ አሰበ፤ ሲያገኘው ሃታኬዳ ወደ ሌላው ጎን ዞሮ ማውራት ጀምሯል።

አምስተኛው ዙር ላይ ነው ነገሩ የሆነው። እንግዶቹ በሁለት ነጥብ ይመሩ ነበር። ኩሳካ ብረቱ እንዳይቀዘቅዝ ጥሩንባውን በሸሚዙ እያሸ ነበር። ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ማታ ሩዙን ማሞቅ ወይስ ጣቢያው ላይ ኑድል መብላት እንደሚሻል እያሰበ ነበር። ድምፅ ማጉያው «ሰባተኛ መቺ፣ ሶኖቤ» አለ።

ክንዱ ተነሳ።

ሦስቱን ድምፅ ነፋ። ጥርት ብለው ወጡ፣ ዓመቱን ሙሉ ከነፋቸው ሁሉ ይልቅ የጠሩ። ደረጃውም፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ እሱም ሳያስበው፣ በአንድ አፍ፦

«ሶ-ኖ-ቤ!»

ከዚያ ፀጥ አለ። ኩሳካ ጥሩንባው አፉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ከላይ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው። «ጎሽ አጎቴ!» አለ አንዱ። «ፈረሰ! ፈረሰ!» አለ ሌላው። ካሜራው ዞሮ ቀኙን ደረጃ ሲፈልግ ታየ። ሜዳው ላይ ሶኖቤ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ የዜማውን ቀሪ የሚጠብቅ ይመስል ቆመ። የሚቀጥል ነገር አልመጣም። የመጀመሪያውን ኳስ መታው፤ ወደ ላይ ብቻ ወጣና እዚያው በተቃራኒው ያዥ እጅ ገባ። ተቃጠለ።

ኢዙሚዳ በጓንቷ ጠቆመችው። ተከትሏት ወደ መተላለፊያው ወረደ።

«ሆን ብለው ነው፣ አቶ ኩሳካ?»

«አይደለም። እጄ ነው።»

«እጁ የማን ነው ታዲያ?»

ኩሳካ ጥሩንባውን በሸሚዙ ጠረገ።

«እኔ እርስዎን ማዋረድ አልፈልግም፤» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። «እኔ ሳልመጣ በፊት እርስዎ እዚህ ነበሩ። ግን እዚያ ያሉት እኔን እያዩ ነው። ለእርስዎ ብዬ ካለፍኩት ነገ ለማን እምቢ እላለሁ? ሆን ብለው ከሆነ ጨርቁን ይስጡኝ። ስህተት ከሆነ ወጥተው ስህተት ነው ይበሉ። በሁለቱም መንገድ ነገሩ ያልቃል።»

«ስህተት ነው።»

«እንግዲያው ለእነሱ ይንገሩ።»

ወጥቶ ቡድኑ ፊት ቆመ። ወገቡን ሰበር አደረገ። «እጄ አምልጦኝ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፤» አለ። ድምፁ ስለሰለለ ከኋላ ያሉት አልሰሙትም፤ ሊያስደግሙትም አልፈለጉም።

«ሁላችንም ጮኸናል እኮ፣ አለቃ፤» አለ ሃታኬዳ። «እኔም ጮኼያለሁ። ጨርቄን ልስጥሽ?»

«አንተ ዝም ካልክ ይበቃኛል።»

ኩሳካ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ከጎኑ የነበሩት ሁለት ባንዲራ ያዥ ሴቶች ቦርሳቸውን በእነሱና በእሱ መካከል አድርገውታል። በእሱ ምክንያት ይሁን፣ ቦታ ስለጠበባቸው ይሁን፣ መጠየቅ አይቻልም። የባቄላው ሳህን ወደ ሌላው ጎን ሄዷል።

ስድስተኛው ዙር ላይ ሸርጣኖች አንድ አስቆጠሩ፣ ወዲያው ግን ሯጫቸው በአየር የተያዘ ኳስ እያየ ወደፊት ሮጠ። ኳሱ በአየር ከተያዘ ወደነበረበት መመለስ እንዳለበት ትንሽ ልጅም ያውቃል። መሀል መንገድ ላይ ትዝ ሲለው ረፍዷል።

«ሸርጣን ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ቤቱን አይረሳም ነበር!» አለች ወይዘሮ ካንቤ።

«የአውቶቡሴን ሒሳብ መልሱ!» አለ ከላይ አንድ ሰው።

«ፓ፣ አንተ ደግሞ በእግር ነው የመጣኸው!»

«ጫማዬንስ ማን ይተካዋል?»

ጥላው ስር አሰልጣኙ ክንዱን አጣጥፎ ተቀምጧል። «አሰልጣኝ፣ ምሳ ደርሷል ተነስ!» ተባለ። አልተነሳም። ጩኸት፣ ከዚያ ፀጥታ፣ ከዚያ ጩኸት። በስምንተኛው ዙር ሰዎቹ መቆጣቱም ሰለቻቸው። አንዳንዱ ወደ ባቡሩ መሄድ ጀመረ። ሌላው ደግሞ ዞር እያለ ኩሳካን ያያል፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጥሩንባ ያያል።

ዘጠነኛው ዙር ገባ። እንግዶቹ ሦስት፣ ሸርጣኖች ሁለት። ሁለት የሸርጣኖች መቺ ተቃጥሏል፤ አንድ ሰው ከተቃጠለ ጨዋታው አለቀ። ሁለት ሯጮች ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው የሩጫ ማረፊያ፣ ቤዙ ላይ ቆመዋል። ጥሩ ምት ከተገኘ ሁለቱም ይገባሉ።

«ሰባተኛ መቺ፣ ሶኖቤ።»

ደረጃው ከዳር እስከ ዳር ወደ ኩሳካ ዞረ።

«አጎቴ ንፋ!» አለ አንዱ ከላይ።

«ዝም በሉት፣ ቃል ገብቷል!»

«ለማን? ለእኔ አልገባልኝም! ንፋ አጎቴ!»

«ንፋዋ!» አለች ወይዘሮ ካንቤ ከጀርባው፣ ጣቷን ትከሻው ላይ ቸክላ። «ያንን ከንፈርህን ለማን ልታስቀምጠው ነው?»

«ንፋ! ንፋ! ንፋ!» የሚለው ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ወረደ። በአምስተኛው ዙር የሳቁት ሁሉ አሁን የእውነታቸውን ነው። ዝምታው የተፈለገው ባለቤቶቹን እንዲቀጣ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የተቀጡት ግን እነሱ ናቸው። አንድ ድምፅ ቢያወጣ አብረውት እንደሚነሱ ኩሳካ ያውቃል። ደረጃው በሙሉ የእሱ ይሆናል፣ ለአንድ ሰው ተራ ያህል።

ኢዙሚዳ ፊት ለፊቱ ቆማለች፣ ጀርባዋ ለሜዳው፣ ዓይኗ እሱ ላይ። «አይሆንም» አላለችም። ፊሽካዋንም አልነካችም። ነጭ ጓንቶቿን ግራና ቀኝ ለቃ ትጠብቃለች። ከጎኑ ያሉት ሴቶች ይጠብቃሉ። ሃታኬዳ እንኳ አፉን ዘግቷል።

ኩሳካ ጥሩንባውን አነሳ። ጩኸቱ ከፍ አለ። የመንፊያውን ብረት ጠምዝዞ ነቀለው፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ጥሩንባውን ጉልበቱ ላይ መለሰው።

«አዬ!» አለች ወይዘሮ ካንቤ።

ዓይኑን የሚያሳርፍበት ስላጣ ሜዳውን አየ። ያኔ አንድ ነገር ገባው፦ ሶኖቤ ሲመታ አይቶ አያውቅም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሶኖቤ ዱላ ሲያነሳ እሱ ጥሩንባ አንስቶ ነበር፤ ዓይኑ ያለው አለቃው እጅ ላይ ነው፣ ሜዳውን የብረቱ አፍ ይሸፍነዋል። ምቱን የሚያውቀው ከሕዝቡ ድምፅ ነው። አሁን አየው። ሶኖቤ ግራ እግሩን ከመሬት በትንሹ ያነሳል፣ እዚያው አየር ላይ ያቆየዋል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል። ዝግ ያለ ሰው ነው። ከኩሳካ ዜማ ጋር ሲተያይ እጅግ ዝግ ያለ። ኩሳካ በልቡ ዜማውን ጀመረለት፤ ገና ሶኖቤ እግሩን ሳያሳርፍ ዜማው አልፎት ሄደ። እንደገና ጀመረ። እንደገና አለፈው።

ኳሱ መጣ። ሶኖቤ እግሩን አሳረፈና መታው።

ድምፁ ደረቅ ነበር። ኳሱ በሁለት የመሀል ተጫዋቾች መካከል ዝቅ ብሎ በረረ፣ ሣሩን ነክቶ እስከ ግድግዳው ተንከባለለ። ሦስተኛው ላይ የነበረው ገባ። ሁለተኛው ላይ የነበረው አፈር ላይ ተንሸራቶ ገባ። አራት ለሦስት። ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ የመጀመሪያው ድል ነበር።

ኢዙሚዳ ምቱን አላየችም። ከሰዎቹ ፊት ላይ አነበበችው። ከኋላዋ ስታዲየሙ በሙሉ ይጮሃል፣ የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፋል፣ የወይዘሮ ካንቤ ቢራ ተደፍቶ የኩሳካን አንገት አርሶታል። የቡድኑ አባላት ተነስተው አለቃቸውን አዩ፣ ከበሮ መቺውም ባንዲራ ያዡም። ኢዙሚዳ ቦርሳዋን አየች፣ ፎጣው ውስጥ የተጠቀለሉትን ዱላዎች። እጇ ወደ ፊሽካዋ ሄደ።

«አለቃ፣» አለ ሃታኬዳ።

«ምን?»

«ዝም ስንል አሸነፍን።»

እጇ ቆመ። ሁሉም ስለሰሙት ሁሉም አሰቡበት። ደጋፊ ቡድኑ ባሸነፈ ቀን የለበሰውን ካልሲ ሳያጥብ ለሚቀጥለው ጨዋታ የሚመጣ ሰው ነው፤ ሃታኬዳ ራሱ አንድ ክረምት ሙሉ በግራ እጁ በልቷል።

«እውነቱን ነው፤» አለች ባንዲራ ያዧ። «አሁን ብንነካው ይበላሻል።»

«ባለቤቶቹን ልንቀጣ ነበር እኮ፤» አለች ኢዙሚዳ።

«ዝምታው እነሱንም ይቅጣ። ለእኛም ያሸንፍልን።»

ኢዙሚዳ ቦርሳዋን ዘጋች። እሷም ከእነሱው ናት። «በሚቀጥለውም ዝም እንላለን፤» አለች። «እስክንሸነፍ ድረስ። የተስማማ እጁን ያውጣ።»

ሁሉም አወጡ። ኩሳካ አወጣ።

በአገሩ ልማድ ድሉን ያመጣው ተጫዋች ከጨዋታው በኋላ ሜዳው መሀል ትንሽ መድረክ ላይ ወጥቶ ይጠየቃል፤ መልሱን ስታዲየሙ በሙሉ ይሰማዋል። ሶኖቤ ወጣ። ወደዚያ መድረክ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ማይክሮፎኑ ከየት እንደሚይዙት የረሳ ይመስላል።

«አቶ ሶኖቤ፣ ዛሬ ቀኙ ደረጃ ዝም ብሎ ነበር፤» አለች ጠያቂዋ። «ያለ ዜማዎ መምታት እንዴት ነበር?»

ሶኖቤ ቸኩሎ መናገር አያውቅም። ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ።

«ደህና ነበር፤» አለ። «ትንፋሼ ይሰማኝ ነበር። ኳሱም በደንብ ይታያል።»

ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበም። ሃታኬዳ የኩሳካን ጀርባ ጠንከር አድርጎ መታው።

«ሰማኸው? ስትረብሸኝ ኖረሃል ነው የሚልህ!»

«ሰምቻለሁ፤» አለ ኩሳካ። እሱም ሳቀ።

«ና፣ ጣቢያው ጋ አንድ አንድ እንበል። አለቃም ትመጣለች።»

ሄዱ። ከጣቢያው ትይዩ ባለችው ቆመው በሚጠጡባት ጠባብ ቤት ውስጥ ኢዙሚዳ ለኩሳካ ራሷ ቢራ ቀዳችለት፤ ይህ «ያለፈው አልፏል» ማለት ነው። ባንዲራ ያዦቹ ስለ ማክሰኞው ወርዋሪ ይከራከራሉ። ሃታኬዳ ሶኖቤን አስመስሎ ጭንቅላቱን እያከከ «ትንፋሼ ይሰማኝ ነበር» ሲል ሁሉም በየጊዜው ይስቃሉ። ኩሳካ አንድ ነገር ሊላቸው ፈለገ፦ ዜማው ፈጣን ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፈጣን ነበር፣ ለሌላ ሰው የሚሆን ዜማ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። ኢዙሚዳ ብቻ ዞር አለች።

«ምን አሉ፣ አቶ ኩሳካ?»

«ምንም። ቢራው ቀዝቃዛ ነው አልኩ።»

«አዎ፣ ዛሬ ቀዝቅዟል፤» አለች፣ ወደ ክርክሩም ተመለሰች።

ኩሳካ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ይዞ ግድግዳው አጠገብ ቆመ፣ ብርጭቆውን እስኪጨርስ። ከዚያ «መልካም ውሎ» አለ። ምሽት መሆኑ ትዝ ያለው በሩ ላይ ሲደርስ ነው፤ ያረመው ሰው ግን አልነበረም።

ሸርጣኖች ማክሰኞ ተሸነፉ፤ ደጋፊው ግን አንድ ሽንፈት አይቆጠርም ብሎ እስከ ወቅቱ ፍጻሜ ዝምታውን ቀጠለበት። ቡድኑ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ሶኖቤ ከማክሰኞ ጀምሮ አልተሰለፈም። በጥቅምት መጀመሪያ ተሰናበተ፤ አሁን ከሚስቱ ወንድም ጋር የመኪና ጎማ ይሸጣል።